በኳላ ላምፑርና በባንኮክ መካከል የጠፋችው አንድ ሰዓት

ሰፈራችን ሜይፌር፣ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ "ጋሼ፣ እዚያ አገር ምን አየህ?" ስትሉኝ ለአንዱ አጭር፣ ለሌላው ረጅም፣ ለሦስተኛው ደግሞ ትንሽ ውሸት ጨምሬ ስነግር ሰንብቻለሁ። ሦስታችሁ አንድ ቀን ተገናኝታችሁ ወሬውን ብታስተያዩት ጉዴ ፈላ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንደሆነው ልጻፈውና ልገላገል። ያፈርኩበትንም አልደብቅም፤ እኔ ብደብቀው ልጄ ትናገረዋለች።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፤ ሰው ላጣራ ነው። ልጄ ሠናይት ሐኪም ናት። እዚሁ ጆበርግ፣ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው በማሽን በሚታጠብበት ክፍል ትሠራለች። እኔ ለእህቴ ለቅሶ ሆሳዕና ከተማ ሄጄ በከረምኩበት ጊዜ ናትናኤል የሚባል ያገራችን ልጅ ማሽኖቹን ሊተክል ከማሌዥያ መጥቶ ሁለት ወር ቆየ። እኔ ስመለስ ማሽኖቹ ተተክለዋል፣ ሰውዬው ወደ ኳላ ላምፑር ተመልሷል፣ ልጄ ደግሞ ምግብ እየበላች ስልኳን እያየች ትስቃለች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስቱም ከራሳችን ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

"ቤቱን አይታችኋል?" አልኳቸው።

"በስልክ አሳይቶናል" አለ ትልቃቸው፣ ጋሽ ኤርሲዶ።

"በስልክማ እኔም ሳሎኔ ውስጥ የተኛ አንበሳ ላሳይህ እችላለሁ።"

"እንግዲህ አንተ መቼም አታምንም!"

"አላምንም። እናጣራ፤ ወጉ ነው።"

ወጉ ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ሁለት እሑድ ሰጡኝ። እሺ ካልኩ ጉባኤ ፊት ይታወጃል፤ ሠናይትም ሥራዋን ለቃ ማሌዥያ ትሄዳለች። እምቢ ካልኩ አትሄድም። "ያለ አንተ ፈቃድ አላገባም፤ ግን ሰውን ሳታየው እምቢ አትበል" አለችኝ። ይኼ የመጨረሻው ነው ነገሩን ያከበደብኝ።

ጥርጣሬዬ ከባንኮክ ይጀምራል። ናትናኤል መኖሪያው ኳላ ላምፑር ይሁን እንጂ እዚያ ያሉ ማሽኖችን ሊጠግን በየሳምንቱ ባንኮክ ይመላለሳል። ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ባንኮክ የወረዱ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግረው ፓስፖርታቸውን ተቀምተው በስልክ ሰው እንዲያታልሉ የተገደዱ ልጆቻችንን ወሬ እናንተም ሰምታችኋል። በስልክ ጠየቅሁት፦ "መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው አባባ። ከጆበርግ ኬፕታውን እንዳለው ማለት ነው፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ገደማ።"

"እኔም አብሬህ ባንኮክን ልይ" አልኩት፤ ሳያቅማማ ቲኬት ቆርጦ ላከልኝ። ቲኬቱን መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ይደርሳል። አንድ ሰዓት ከአሥር! እኔ ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ በነበረኝ ዘመን ሁሉ ታክሲው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሰዓቴ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰውዬው ሁለት ይላል፣ ወረቀቱ አንድ ይላል። ታዲያ በየሳምንቱ ያችን የቀረችውን አንድ ሰዓት የት ነው የሚያሳልፋት? ማን ጋ? ለማንም አልተናገርኩም። ሄጄ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነው።

ማክሰኞ

ሠናይት መኪናዋ ውስጥ ሻንጣዬን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ እንደገና በርበሬ።

"አባዬ፣ ልትከፍት ነው ሱቅ?"

"የማላውቀው አገር ነው፤ ምን እንደሚያበሉኝ በምን አውቃለሁ?"

"እባክህ ፖሊስ እንዳትሆንበት።"

"ሽማግሌ ነኝ እንጂ ፖሊስ ነኝ እንዴ?"

"ሽማግሌ ሰው ያስታርቃል፤ ኪስ አይበረብርም።"

ለአሥር ሰዓት ተኩል ያህል በረርን። ቀበቶዬን አንድ ጊዜ አስሬ እስክንደርስ አልፈታሁትም፤ ፍቱ ቢባልም አላመንኳቸውም። አጠገቤ የተቀመጡት የደርባን ሴትዮ "ሽንት ቤትም አይሄዱም?" ብለው ጠየቁኝ። "ቦታዬን ይወስዱብኛል" አልኳቸው። ታክሲ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወንበር ለቅቆ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ረቡዕ

እዚህ ላይ ስለ ሰዓቴ ልንገራችሁ። የእጅ ሰዓቴ እንደ ሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ነው። ጆበርግ ስኖር ከሰው ሁሉ ስድስት ሰዓት እየለየሁ ነው፤ እነሱ ሰባት ሲሉ እኔ አንድ እላለሁ፣ በልቤ አስልቼ እኖራለሁ። ሲንጋፖር በጠዋት ወርደን አውሮፕላን ስንቀይር የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ። የእጄን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ! ትናንት ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ አልነካሁትም። አንድ ሰዓት በርረን ኳላ ላምፑር ስንደርስም ያው፤ የግድግዳውና የእኔ አንድ። ለካ የምሥራቅ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው! ይህን ያህል ዓመት የሳቁብኝን ሰዎች በሙሉ በስም እያሰብኩ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ናትናኤል ቆሞ ይጠብቀኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። የተተኮሰ ሸሚዝ ያጠራጥረኛል። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመና ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ እኔም እጀታውን ሳልለቅለት አብረን ጎተትነው።

ቤቱ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጆበርግ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቅ መብራት ሲጠፋ በእግር ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሊፍቱ ውስጥ ስገባ ጸለይኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ጫማ ተደርድሯል። ቆጠርኩ፤ አምስት ጥንድ። ሁለቱ የሴት።

"የማን ነው?" አልኩ፣ ጣቴን በሴቶቹ ጫማ ላይ ቀስሬ።

"የማክቺክ ዛይናብ ነው አባባ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ እኔ አንድ ክፍል ነው የተከራየሁት። እዚህ ጫማ ውጭ ነው የሚወለቀው።"

"ሁለቱም የአንድ ሰው?"

"አንዱ የቤት፣ አንዱ የገበያ።"

በሩ ተከፈተና አንዲት ድንቡሽ ያሉ ሴትዮ ወጡ። ማክቺክ እነሱ ዘንድ አክስቴ እንደማለት ነው። እግራቸውን አየሁ፤ ትንሽ ነው፤ ጫማዎቹም ትንንሽ ናቸው። ይህን ነጥብ ለጊዜው አለፍኩት።

ሐሙስ

ናትናኤል ሥራ ሄደ። እኔ ክፍሉን ፈተሽኩ። ሠናይት ይህን ስታነብ ትቆጣለች፤ ግን ለዚሁ ነው የሄድኩት። አንድ አልጋ፣ ጠመንጃ መፍቻ የሞላበት የሥራ ዕቃ ሳጥን፣ መጽሐፍ ቅዱስ። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጬ የተሰመረበት አለ ወይ ብዬ አየሁ። ተሰምሮበታል። ሰው ግን ለእንግዳ ብሎም ሊያሰምር ይችላል፤ ቀለሙን በጣቴ አሸት አድርጌ አየሁት፤ ደርቋል።

ዞር ስል ማክቺክ ዛይናብ በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉም፤ ወደ ማድ ቤት በእጃቸው ጠሩኝ። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ደቃቅ ዓሣ፣ እንቁላልና ቀይ የቃሪያ ማባያ አቀረቡ። ደቡብ አፍሪካ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ እንደሚበላው እነሱ ሩዙን ቁርስም ምሳም ይበሉታል። ማባያውን ቀመስኩ፤ ዓይኔ እንባ አወጣ። ሆን ብለው ነው፤ ሌባ ፈታሹን ሊቀጡ። እኔም ተነስቼ በርበሬዬን አመጣሁና ሩዛቸው ላይ በማንኪያ ነሰነስኩ። ቀመሱ። ሳሉ። ሁለታችንም በላብ ተነክረን ተያየንና ሳቅን።

ከዚያ እንግሊዝኛቸውን በእጃቸው እየረዱ ምርመራ ጀመሩ። እኔን!

"ልጅህ ሐኪም ነች?"

"ነች።"

"ሐኪም ጊዜ የላትም። ይህን ልጅ ማን ያበላዋል?"

"እጅ የለውም እንዴ?"

"አለው። እግሬ ሲታመም ቤቱን ያጠበልኝ እሱ ነው። ልጅህስ ምን ታደርጋለች? ስድስት ወር ኖራ ብትሄድበትስ? ፎቶዋን አይቻለሁ፤ በጣም ቆንጆ ነች። በጣም ቆንጆ ያጠራጥራል።"

ልጄን ለማስመርመር አይደለም እኮ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት። "ጥሩ ልጅ ናት፣ አትዋሽም፣ ትሠራለች" እያልኩ እንደ ደላላ ማሞገስ ጀመርኩ። ሴትዮዋ አገጫቸውን ይዘው "እናያለን" አሉ። ልክ እኔ ለእነጋሽ ኤርሲዶ "እናጣራ" እንዳልኩት።

ዓርብ

የላከልኝን ቲኬት ይዤ፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር ኪሴ ከትቼ ከናትናኤል ጋር አውሮፕላን ገባን። በሩ ሲዘጋ የናትናኤል ስልክ ዘጠኝ ይላል፣ የእጄም ዘጠኝ። ጻፍኩ።

"ምን ይጽፋሉ አባባ?"

"ማስታወሻ።"

አሥር ሰዓት ከአሥር ሆነ። መውረጃ የለም። በመስኮት ባሕር ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። እሱ እንቅልፉን ይተኛል። ያረፍነው በእጄ ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ወደ ውስጥ ገብቼ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ!

ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ አስቡት። ሰዓቴ ሲንጋፖር ላይ ልክ ነበር፣ ኳላ ላምፑር ላይ ልክ ነበር፣ በሩ ሲዘጋም ልክ ነበር። ቲኬቱ ባንኮክ አንድ ሰዓት ነው ይላል፤ እኛ ግን ሁለት ሰዓት በረርን። በተጨማሪዋ አንድ ሰዓት አውሮፕላን የት የት አይደርስም! ይህ ባንኮክ አይደለም። አልፈን ሄደናል። ሰዓቱንም እንዳይነቃብን ወደኋላ መልሰውታል። ሰውዬው ደግሞ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር!

ሻንጣ የሚጠበቅበት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት?"

"ከዚህ አልነሳም። የት ነው ያመጣኸኝ?"

"ባንኮክ ነዋ!"

"ባንኮክ አንድ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ይኸው።"

"ያ እኮ የሰዓቱ ልዩነት…"

"ዝም በል! ልጄን እንዲህ አድርገህ ልታመጣት ነበር?"

ባንኮክ ተብሎ በትልልቁ ተጽፎ ይታየኛል፤ ጽሑፍማ ማንም ይጽፋል። ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴት መጥረጊያዋን አስደግፋ መጣችና "ባንኮክ?" ብዬ ስጠይቃት በሁለት እጇ መሬቱን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች። ሄዳ ፕላስቲክ ወንበርና ውኃ አመጣችልኝ። ውኃውን ክዳኑ አለመከፈቱን አይቼ ጠጣሁት። ለሠናይት ደወልኩ። ጆበርግ ገና አልነጋም ነበር፤ ከእንቅልፏ ነው ያነሳችኝ፣ ማለቴ ያነሳኋት።

"ሠናይት፣ ተይዣለሁ።"

ሁሉንም ነገርኳት።

"አባዬ፣ ሰዓትህን ሞልተኸዋል?"

"ለምን እሞላዋለሁ? እዚህ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት።"

"አይደለም። ማሌዥያ ከጆበርግ ስድስት ሰዓት ይቀድማል። አንተ ደግሞ በሐበሻ ስለምትቆጥር ከኛ ስድስት ሰዓት ትለያለህ። በአጋጣሚ ገጠመልህ። ባንኮክ ግን የሚቀድመን በአምስት ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ነው፤ አንዷ ሰዓት ድንበሩ ላይ ትቀራለች። ስትመለሱ ትመልሷታላችሁ።"

"ካርታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ባንኮክ ከኳላ ላምፑር በቀጥታ ወደ ላይ ነው። ፀሐይዋ ለሁለቱም እኩል ነው የምትወጣው። ምን ሰዓት ያለያያቸዋል?"

"መንግሥታቸው ነዋ እንዲህ ይሁን ያለው! በአንድ ፀሐይ ሁለት ዓይነት ሰዓት መቁጠር አንተን ነው የሚገርምህ?"

ስልኩን ዘጋሁ። ናትናኤል በዚያ በተተኮሰ ሸሚዙ ከጎኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሽንፈቴን ግን እንዲሁ በነጻ አልሰጥም፤ በባለሱቅ ልማዴ መያዣ ጠየቅሁ።

"ይሁን፣ ባንኮክ ነው እንበል። እኔ ካንተ ጋር እስካለሁ ድረስ ግን ፓስፖርትህ እኔ ጋ ይሁን። የትም እንዳትሰወርብኝ።"

"ይያዙት አባባ" ብሎ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ወሰደኝ። ተንበርክኮ የማሽን ሆድ ከፍቶ ሲሠራ አንድ ጥግ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አንዲት ነርስ ሻይ ይዛልኝ ስትመጣ አጋጣሚውን ተጠቀምኩ።

"ይህ ሰው ሚስት አለችው?"

"የለችውም፤ ግን አንዲት የጆበርግ ሐኪም አለች። ፎቶዋን ለሁላችንም አሳይቶናል፤ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሰለቸን" አለችኝ።

አንድ ሆስፒታል ሙሉ ነርስ አስጠንቶ ሊሆን ይችላል ብዬ ለማሰብ ሞክሬ ነበር። ሻዩ ጥሩ ነበር፤ ተውኩት።

ቅዳሜ እና እሑድ

ቅዳሜ ስንመለስ በባንኮክ ሰዓት አሥር ላይ ተነስተን በኳላ ላምፑር ሰዓት አንድ ከአሥር ላይ ደረስን፤ በወረቀቱ የሦስት ሰዓት ከአሥር መንገድ መሆኑ ነው። በእጄ ሰዓት ለካሁት፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር። የቀረችብንን አንድ ሰዓት መልሰውልናል። ኳላ ላምፑር ላይ የእጄና የግድግዳው እንደገና ታረቁ።

ፓስፖርት በሚታይበት መስኮት ሁሉ የራሱን እሰጠዋለሁ፣ ሲያልፍ እቀበለዋለሁ። እሱም ሳይጠየቅ መዘርጋት ለምዷል። እሑድ ማታ ስሸኝ ማክቺክ ዛይናብ የደረቀ ደቃቅ ዓሣ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝና "ለልጅህ። መጥታ በራሷ እጅ እንድትሠራው ንገራት፤ ከዚያ እፈርዳለሁ" አሉኝ። ናትናኤል ትከሻዬን ሳመኝ። "ምን ወሰኑ አባባ?" አላለኝም። ቢለኝ "ገና ነው" ልለው ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሴ ሳይወጣ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሰኞ

ጆበርግ በጠዋት አረፍን። ፓስፖርት የምታየዋ ሴትዮ ጸጉሯን በጥሩ ሁኔታ የተሠራች ወጣት ናት። "ሳውቦና" ብዬ በዙሉ ሰላም አልኳትና ፓስፖርቱን ከጃኬቴ አውጥቼ ሰጠኋት። ገለጠች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

"ባባ፣ እዚህ ላይ ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው።"

የናትናኤል ነው። ሳልመልስለት ይዤበት መጥቻለሁ። ከሌላኛው ኪሴ የራሴን አወጣሁ። አሁን ሁለት ፓስፖርት ፊቷ ተቀመጠ፤ ፈገግታዋ ጠፋ። ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰደችኝ። አንድ ወንድ ባልደረባዋም መጣና በሩ ጋ ቆመ።

"ይህ ሰው ማነው?"

"የማውቀው ሰው ነው።"

"የምታውቀው ሰው ፓስፖርት አንተ ጋ ምን ያደርጋል?"

"መያዣ ነው።"

"የምን መያዣ?"

"የልጄ።"

በሩ ጋ የቆመው ሰውዬ ቀና አለ። እኔ ራሴ የተናገርኩትን በጆሮዬ ስሰማው ደነገጥኩ። ፓስፖርት ተቀበለ፣ መያዣ አለ፣ ሴት ልጅ አለ። ያን ሁሉ የፈራሁት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጥርሱ የረገፈ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

"ባባ፣ አሁን በደንብ መልስልኝ" አለች። "ይህ ሰው ላንተ ምንህ ነው?"

"አማቼ ነው።"

ወጣ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጉባኤ።

ሠናይት ውጭ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ሴትዮዋ ቁጥሯን ከኔ ተቀብላ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለችላት። ናትናኤል ፓስፖርቱን ፈልጎ አጥቶ ከንጋት ጀምሮ ሲደውልላት ኖሯል፤ ሁሉን ታውቃለች።

"እመቤት፣ አባትሽ እዚህ ነው። ናትናኤል የሚባለው ሰው ባልሽ ነው?"

"አይደለም።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

"እጮኛሽስ?"

አትዋሽም ብዬ ለማክቺክ የመሰከርኩላት ልጅ፣ እኔን ከዚያ ክፍል ለማውጣት እንኳ አልዋሸችም።

"አባቴ ገና አልፈቀደም" አለች።

"አንተ አማቼ ነው አልከኝ፤ እሷ አልፈቀደም ትላለች። ከሁለታችሁ ማን ነው የሚዋሸው?"

"ሠናይት" አልኩ በአማርኛ፣ "ፈቅጃለሁ በያት።"

"አባዬ፣ በራስህ አፍ ንገራት። በሚገባት ቋንቋ።"

በሁለት መለዮ ለባሾች ፊት፣ የደረቀ ዓሣ የሚሸት ላስቲክ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ "ይህ ሰው ልጄን እንዲያገባት ፈቅጃለሁ" አልኩ በእንግሊዝኛ። በስልኩ ውስጥ ሠናይት እያለቀሰች አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። በሩ ጋ የቆመው ሰውዬ "እንኳን ደስ አለህ፣ ምኩሉ" አለኝ፤ በዙሉ አያት ማለቱ ነው። ማንም እስካሁን አያት አላደረገኝም።

የእኔ ፓስፖርት ላይ ማኅተም መቱና መለሱልኝ። የእሱን አልሰጡኝም። "ይህን አምኜ ላንተ አልሰጥም" አለች ሴትዮዋ። "ሙሽራዋ ራሷ ገብታ ፈርማ ትውሰደውና ትላክለት።"

ሠናይት ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ፈረመች። ፓስፖርቱን ገልጣ ፎቶውን አየችው፣ ሽፋኑን በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳበችው። ከዚያ ነው ወደኔ ዞራ "እንኳን ደህና መጣህ አባዬ" ያለችኝ።

ቀድማኝ ወጣች። እኔም ሻንጣዬን ራሴ እየጎተትኩ ተከተልኳት።